ይማም እጅ የነሳበት ቀን

እግሬን የሰበረው ይማም ነው። ይህን የምለው ልወቅሰው ፈልጌ አይደለም፤ በ1955 ዓ.ም. የሆነ ነገር ነው፣ አኩርፌም ታርቄም ጨርሻለሁ። የምለው ኋላ ለመጣው መዘዝ ሁሉ መነሻው ይኸው የኔ እግር ስለሆነ ነው። የማነክሰው በግራ ነው። ወሰን አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቀርጽ የምውል ሰው ስለሆንኩ ማነከሱ እንጀራዬን አላሳጣኝም፤ የሰፈሩ ሰው ግን «አንካሳው ዘነበ» ካላለ ሌላ ዘነበ የሚመጣበት ይመስለዋል።

ይማም እዚያው ጋራዥ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ከወሎ መጥቶ የካ ጋራ ሥር ያደገ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ሚስቱ ፋዲላ «ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ግድግዳ?» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምተኛ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ከየቤቱ ጠርቶ የሚያስወጣበት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ የኩሽኔታ ጋሪው።

ኩሽኔታ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከአሮጌ መኪና ጎማ መሐል የሚወጣ ክብ ብረት ነው፤ ውስጡ ትናንሽ ኳሶች ይሽከረከሩበታል። ሦስቱን ከአንድ ጣውላ ሥር ትሰካቸዋለህ፤ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። የፊተኛው የተሰካበት አግዳሚ እንጨት ግራና ቀኝ እንዲዞር ገመድ ታስርበታለህ። አለቀ። ፍሬን የለውም፤ ፍሬኑ የጫማህ ሶል ነው። የሰፈር ልጆች ተቀምጠው ይነዱታል። ይማም ግን ቆሞ ነበር የሚነዳው፤ ያውም ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጢሙ ሽበት እስኪያበቅል ድረስ። «አንተ ሰው፣ አታፍርም?» ሲሉት አሁንም ፈገግ ይላል።

የሚወርደው ከጋራው የድንጋይ ካባ ወደ ሲግናል በሚያወርደው አስፋልት ነው። መሐል ላይ፣ ሰብሪያ ሱቅ ጋ፣ መንገዱ ድንገት ይጠመዘዛል፤ በግራ በኩል በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ቦይ አለ። እዚያ ኩርባ ላይ ሲደርስ ይማም ጀርባውን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ ይዞራል። ገመዱን በትከሻው አሳልፎ በአንድ እጁ ከኋላው ይይዘዋል። በሌላው እጁ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከላይ ለቆመው ሕዝብ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። የሚሄድበትን አያይም። ጋሪው ይከንፋል፣ እሱ እንደ ጨዋ እንግዳ ያጎነብሳል፣ ኩርባውን ዞሮ ይሰወራል። ሌላ ሰው ሞክሮት ያልተላጠ የለም። እኔ ከፊቱ ጣውላው ላይ እግሬን ዘርግቼ እየተቀመጥኩ አብሬው እወርድ ነበር፤ አንድ ቀን እጅ እየነሳ ሳለ አህያ መንገዱ ውስጥ ገባችና ሰዎች ሲጮሁ ገመዱን አንድ ስንዝር ላላ አደረገው። የፊቱ ኩሽኔታ የቦዩ ጠርዝ ላይ ወጣ፤ የተዘረጋው ግራ እግሬ በጣውላውና በድንጋዩ መካከል ገባ። ቅልጥሜ ተሰበረ። ከዚያ ሌላ ቆዳዬ እንኳ አልተላጠም።

በ1969 ዓ.ም.፣ በቤት ለቤቱ አሰሳ ሰሞን፣ ጋሪውን ተወው። ብረት አስፋልት ላይ ሲንከባለል ድምፁ መትረየስ ነው የሚመስለው፤ አንድ ቀን ሲወርድ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ኩርባው ላይ መሣሪያ አቀባብለው ጠበቁት። ያልተኮሱት ከመካከላቸው አንዱ ስላወቀው ብቻ ነው። ይማም ቤቱ ገብቶ ጋሪውን አልጋ ሥር ከተተው። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች ነበሩና ስለ ጋሪ ማዘን ነውር ነበር። ማንም አላነሳበትም።

እንዲህ ሆነን ሰባት ዓመት ቆየን። በ1976 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ የይማም ልጅ ነጅመዲን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፋዲላ ከእሱ በፊት ሁለት ወልዳ ቀብራለች፤ ከእሱ በኋላ አልወለደችም። ሚያዝያ መግቢያ ላይ ከቀበሌ አንዲት ወረቀት መጣች። ይማም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቢቆጥርም የመንግሥት ማኅተም ሲያይ ዓይኑ ይፈዛል፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ነጅመዲን ይማም ሚያዝያ 25 ቀን ሐሙስ ጠዋት ለጤና ምርመራ እንዲቀርብ፣ ብቁ ሆኖ ከተገኘ ከዚያው ወደ ማሠልጠኛ እንደሚሄድ ይላል። ፋዲላ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብላ ገልብጣ ጀርባዋን አየች። ጀርባዋ ባዶ ነው።

«እንደ እኔ አንካሳ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር?» አልኩ። ለቀልድ ነው። ሰው ማጽናናት ስፈልግ የማይረባ ነገር መናገር ልማዴ ነው፤ እናቴም በዚህ ስትረግመኝ ኖራለች።

ፋዲላ አልሳቀችም። እግሬን አየችው። ሃያ ዓመት ስታየው የኖረችውን እግር እንደ አዲስ አየችው።

«ለመዳን ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሦስት ወር።»

«አሞህ ነበር?»

«እናቴን እየጠራሁ አለቀስኩ እንጂ!»

«ግን ይኸው አለህ፤» አለች። ከዚያ ወደ ባልዋ ዞረች። «ይኸው አለ፣ ይማም።»

በማግስቱ ይማም ጋራዥ መጥቶ በገመድ አንድ ላይ የታሰሩ ሦስት ኩሽኔታዎች ቶርኖዬ ላይ አስቀመጠና፣ «ዝገታቸውን ጥረግልኝ፤» አለ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ገባኝ። ልከለክለው ይገባ ነበር? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ጠረግኩለት።

የልጁን እግር በስውር መስበር አይቻልም ነበር። ጎረቤት ቀበሌ አንድ ልጅ እንጨት ስፈልጥ ነው ብሎ የቀኝ እጁን ጠቋሚ ጣት በመጥረቢያ ቆርጦ፣ «የእናት ሀገርን ጥሪ ሸሽተሃል» ተብሎ ቁስሉ ሳይደርቅ ታስሯል። ስለዚህ አደጋው በሰው ሁሉ ፊት፣ ከሁሉ በላይ በቀበሌው ሊቀ መንበር ፊት መሆን ነበረበት። ሊቀ መንበሩ ገበየሁ ይባላል። ልጅ ሆኖ ኩርባው ላይ ቆሞ ለይማም ሲያጨበጭብ የኖረ ነው፤ ኋላ ሽጉጥ ታጥቆ በሌላ ነገር ማስጨብጨብ ተማረ። ሚያዝያ 23፣ የወዛደሮች ቀን፣ የቀበሌው የስፖርት ትርኢት ነበር። ይማም ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከፈቀዱልኝ ለበዓሉ አንድ ጊዜ እጅ ልንሳ፤ የመጨረሻዬ ነው። ልጄንም ከፊት አስቀምጣለሁ፤» አለው። ገበየሁ ደስታው ወንበር ላይ አላስቀመጠውም። በዓይኑ ያየውን አደጋ ደግሞ ማን ሊክደው ይችላል? ብልሃታችን ይህ ነበር።

ነጅመዲን ምንም አያውቅም። እንዳይነገረው የተማከርነው ሦስታችን ነን። የሚያውቅ እግር ይሸሻል፤ ከዚያም በላይ ልጁ ኩሩ ነው፣ «ጓደኞቼ ሄደው እኔ ተሰብሬ ልቀር?» ማለቱ አይቀርም። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ጋሪ ላይ ለመውጣት ሲለምን አባቱ እምቢ ሲለው አድጓል። አሁን አባቱ ራሱ ሲጠራው፣ «እውነትህን ነው አባዬ?» ብሎ ዘልሎ አቀፈው። ይማም እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሁለት ጊዜ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

ለአምስት ቀን ከሥራ በኋላ ዝቅ ባለው ቁልቁለት ላይ ተለማመዱ። ነጅመዲን ተቀምጦ አካሉን ከአባቱ ጋር አብሮ ማዘንበል በአንድ ቀን ቻለበት። ይማም የሚሰጠው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር። «ግራ እግርህን ዘርጋ። እንዳታጥፈው። ምንም ቢመጣ እንዳታጥፈው።» ይህን ሲል ወደ እኔ አያይም። እኔም ወደ እሱ አላይም። ልጁ በየምሽቱ እየሳቀ፣ «ጋሼ ዘነበ፣ እርስዎ ያኔ እንዴት ወደቁ? ይህን የመሰለ ነገር ላይ ይወደቃል?» ይለኛል። «አህያ ነው፤» እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበል?

ፋዲላ ደግሞ የበኩሏን አዘጋጀች። እንጦጦ ጋራ ላይ የሚኖሩ አቶ ወልደ ኢየሱስ የሚባሉ ወጌሻ አሉ፤ የኔንም እግር ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዓት በእግሯ ወጥታ ለመነቻቸው። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ አማተቡ። ቀጥሎ፣ «የኔን ልጅ እንደዚህ ያተረፈልኝ ቢኖር እግሩን እስመው ነበር፤» አሏት። የሳቸውንም ልጅ ቀደም ብለው ለጦርነት ወስደውታል። «እንደ ዘነበ አላጣምመውም፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤» ብለውም አጽናኗት። ይህን ለኔ ስትነግረኝ ነው በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ የሳቀችው።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋራው ላይ ደመና ቢኖርም አስፋልቱ ደረቅ ነበር። ከኩርባው በላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ መድረክ ተሠርቶ ገበየሁና እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጢም ብሏል። ወጌሻው ከቦዩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀርከሃ ቁርጥራጭና የቅቤ ብልቃጥ ከጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። እኔ አጠገባቸው ነኝ። ፋዲላን ቤት ቆይ ብለናት ነበር፤ መጣች። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሰብሪያ ሱቅ በር ላይ ቆመች።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ሰባት ዓመት በዚያ አስፋልት ያልተሰማ ድምፅ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ተኩስ መስሎት ትከሻውን ሰበሰበ። ከዚያ ታዩ። ነጅመዲን ከፊት ተቀምጧል፤ ግራ እግሩን እንደተባለው ዘርግቷል፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ከኋላው ይማም ቆሟል። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ የሚሰማ ሰው። ጋሪው ላይ ግን ጉልበቱ የጎረምሳ ጉልበት ነበር። መድረኩን አልፎ ኩርባው ጋ ሲደርስ ዞረ። ባርኔጣውን አወለቀ። መድረክ ላይ ያሉትም ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ጩኸቱ ኩሽኔታውን ዋጠው።

እኔ የማየው እጁን ነው። ገመዱን የያዘውን፣ ከትከሻው ኋላ ያለውን እጁን። አንድ ስንዝር ላላ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። «አሁን፤» አልኩ በልቤ። «አሁን። አሁን እንጂ፣ አንተ ሰው!»

እጁ ገመዱን ጠበቅ አደረገው። የፊቱ ኩሽኔታ ከቦዩ ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ርቆ ዞረ፤ ጣውላው ተከተለ፤ ይማም አጎንብሶ፣ በቀስታ፣ አይቼው እንደማላውቀው አድርጎ እጅ ነሳና ከነልጁ ኩርባውን አልፎ ሄደ። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ሠርቶት አያውቅም። ፋዲላ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው የገዛ እጇን ነከሰች። አቶ ወልደ ኢየሱስ ቀርከሃውን ጋቢያቸው ሥር መልሰው ሸጎጡ። «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ፤» አሉ። እኔ ግን ተናደድኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይህ ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ፤ ባልል ይሻለኝ ነበር።

ገበየሁ አባትና ልጅን መድረክ ላይ አስወጣ። የነጅመዲንን እጅ ወደ ላይ አነሳና፣ «ጓዶች፣ አያችሁት? ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም! አብዮቱ የሚፈልገው ይህን ዓይነት ወጣት ነው! ከነገ ወዲያ ከቀበሌያችን በመጀመሪያ የሚሰለፈው እሱ ይሆናል!» አለ። ተጨበጨበ። ልጁ አባቱን እያየ ይስቃል። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ፣ ደረቱን አዳምጦ «ብቁ» ብሎ ጻፈ። በዚያው ሄደ።

ያን ማክሰኞ ቤታቸው ስንገባ ይማም በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «ላላ ላደርገው ነበር፤» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ።» ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ የሚለው ይመስል ነበር። ፋዲላ ትጮኽበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ሄዳ ያንን በግራሶ የጠቆረ እጁን ያዘችና ሳመችው። «አባት ነህ፤» አለችው። «አባት ልጁን እንዴት ይሰብራል? እኛ ነን ያበድነው።» ይማም እጁን ሊነጥቅ ቢሞክርም አለቀቀችውም።

ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት የኖረችው በዚያች ቃል ነው። ጎረቤት ልጇን ሲጠይቃት፣ ስታለቅስ፣ ስትታመም፣ ሁልጊዜ የምትመለስበት እሱ ጋ ነው። «ይማምን አትዩት ዝም ማለቱን፤» ትላለች፤ «ልጁን መስበር ያቃተው ሰው ነው።» ይማም ይህን ሲሰማ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ሐፍረት ነው ብዬ አስብ ነበር። ጋሪውን ፈልጦ ማገዶ አደረገው፤ ኩሽኔታዎቹን ለኔ ሰጠኝ፣ ቶርኖ ላይ ለሌላ ሥራ ዋሉ።

ከነጅመዲን አራት ደብዳቤ መጣ። ሁሉንም ያነበብኩ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ላይ ከሰሜን እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «እዚህ ያለው ገደል የእኛን ጋራ ያስንቃል። ሌሎቹ ሲወርዱ ይፈራሉ፣ እኔ አልፈራም። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ አውርዶኛል ብዬ ስነግራቸው አያምኑኝም።» ይማም ይህን ካነበብኩ በኋላ፣ «ድገመው፤» አለኝ። ደገምኩለት። ወጥቶ ሄደ፤ በሁለተኛው ቀን ነው ሥራ የገባው።

ሠላሳ ወር የተባለው አገልግሎት አርባ ሆነ፣ ከዚያም አለፈ። የፈሩት ይደርሳል። በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ እጁን ያጣ ወታደር የሰፈሩን ስም እየጠየቀ መጣ። ነጅመዲን በመጋቢት እንደሞተ፣ ራሱ በዓይኑ እንዳየው፣ እንዳልተቀበረም ነገራቸው። ከቀበሌ ወረቀት አልመጣም። ገበየሁ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ማንም ተነስቶ ቦታ አልለቀቀለትም።

በሦስተኛው ቀን ቁርዓን ያነበቡትም ለቀስተኛውም ከሄዱ በኋላ ከሰዓት ላይ ሦስታችን ቀረን። ፋዲላ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«እኛ ያላደረግነው የለም፤» አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። «አላህ ያየዋል። እጁ እምቢ አለው። የአባት እጅ ነው፣ ምን ያድርግ?»

ይማም ቀና አለ። «እጄ እምቢ አላለኝም፤» አለ።

ዝም እንዲል በዓይኔ ጠቀስኩት። ሃያ አምስት ዓመት ዝም ሲል የኖረ ሰው የዚያን ቀን አልሰማ አለኝ።

«ተዘጋጅቼ ነበር። ገመዱን ላላ ለማድረግ ጣቶቼን ከፍቼ ነበር። ስዞር ሰው ሁሉ ቆሟል። ገበየሁም ቆሟል። ጩኸቱ መጣ። ደስ አለኝ፣ ፋዲላ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምን ላደርግ እንደመጣሁ ረሳሁት። ልጁ ከኋላዬ መኖሩንም ረሳሁት። ያስታወስኩት ታች ደርሰን ጋሪው ሲቆም ነው።»

ፋዲላ ትመታዋለች ብዬ ፈራሁ፤ ብትመታው ኖሮ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

«ይህን ለምን ነገርከኝ?» አለች።

«እውነቱ ስለሆነ። በውሸት ስታመሰግኚኝ አራት ዓመት ሞላኝ።»

«ልጄን እነሱ ወሰዱብኝ፤» አለች። «እኔ አራት ዓመት ሙሉ የኖርኩት ያንን እጅ ይዤ ነው። ልጄን መስበር ያልቻለውን እጅ። እሱን ደግሞ አንተ ወሰድክብኝ።»

ተነስታ ለለቅሶ የተነጠፈውን ፍራሽ መጠቅለል ጀመረች። ከባድ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ከእጇ አመለጣት። ይማም ሊያግዛት ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አትንካው፤» አለችው።